አምስቱ ቀይ ነጥቦች

«እስኪ እንደገና፤» አሉ አያቷ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ኩየን አምስቱን ድምፆች ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ ነካቻቸው። ሆ፣ ሱ፣ ሳንግ፣ ሴ፣ ኮንግ። ጣቶቿ የፒያኖ መምህርቷ እንዳስተማረቻት ጎበጥ ብለዋል፤ አንዷም ድምፅ ከሌላዋ በላይ አልጮኸችም። በአምስቱ ቁልፎች ላይ ትንንሽ ቀይ ነጥቦች ተለጥፈዋል። የለጠፈቻቸው ራሷ ናት፤ ግን ለእሷ አይደሉም፤ ለዳኦ ናቸው።

ዳኦ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ ሶኬቱን ይዛለች። የግድግዳው መሰኪያ ከላላ ቆይቷል፤ ሶኬቱን በእጁ ደግፎ የሚይዝ ሰው ከሌለ የኤሌክትሪክ ፒያኖው እልም ይላል። የኩየን እናት «ነገ ሠራተኛ እጠራለሁ» ማለት ከጀመረች ዝናቡ መጥቶ ሄዷል።

«ሁሉም አሉ፤» አሉ አያቷ በመጨረሻ። «አምስቱም በየቦታቸው ናቸው። ቤቱ ተጠርጓል፣ ወንበሩ ተደርድሯል። ሰው ግን የለበትም።»

«ተሳሳትኩ እንዴ አባባ?»

«አልተሳሳትሽም። በይ አሁን ለዳኦ ልቀቂላት።»

አያቷ ሁለት ክር ያላትን፣ ሆዷ እንደ ሙሉ ጨረቃ ክብ የሆነውን፣ ኪም የምትባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ሲጫወቱ ኖረዋል። ባለፈው የዝናብ ወቅት የጀልባው ሞተር የግራ እጃቸውን መሐል ጣት ካገኘው ወዲህ ግን ክር መጫን አልቻሉም። በየዓመቱ በሴት አያቷ ሙት ዓመት ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ የሟቿ ጓደኛ እማማ ሳውም ናም በሚባለው የሐዘን ቅኝት አንድ እንጉርጉሮ ይዘፍናሉ። ዘንድሮ የኪሟን ቦታ ፒያኖው ይይዛል። ማን እንደሚጫወት አያቷ ገና አልወሰኑም። «ዓርብ እማማ ሳው ይመጣሉ፤ ከእሳቸው ጋር እሰማችኋለሁ» ብለዋል።

ኩየን ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ፒያኖ ተምራለች። የምስክር ወረቀቶቿ በመስታወት ገብተው ሳሎን ተሰቅለዋል። አያቷ ስትጫወት በትሕትና ይሰሙና «ጥሩ ነው» ብለው ወደ አበባ እርሻቸው ይወጣሉ። እግራቸው ሥር ሶንግ ላንግ የምትባል፣ በእግር አውራ ጣት የምትመታ ትንሽ የእንጨት ማጨብጨቢያ አለች። የሚመቷት ጨዋታው ሲገባቸው ብቻ ነው። ለኩየን አንድ ቀን ተመትታ አታውቅም።

ዳኦ እጇን በሱሪዋ ጠርጋ ወንበሩ ላይ ወጣች። የኩየን የአጎት ልጅ ናት፤ በአንድ ዓመት ታንሳለች። እናቷ ሩቅ ከተማ የጫማ ፋብሪካ ስትቀጠር፣ ዳኦ አንድ ሻንጣና ሁለት ዳክዬ ይዛ መጥታ እነሱ ዘንድ ቀረች። ከዚያ በፊት ፒያኖ ነክታ አታውቅም።

ኩየን ቁጢጥ ብላ ሶኬቱን ያዘች።

የዳኦ ጣቶች ዝርግ ናቸው። «ሆ»ን ነካችና ዝም አለች። ብዙ ዝም ስላለች ለኩየን የረሳች መሰላት። ከዚያ ሱ መጣች፤ ቀጥሎ ሳንግ ላይ ስትደርስ ነጩን ቁልፍና ጎኑ ያለውን ጥቁር አንድ ላይ ተጫነቻቸው። ወዲያው ጥቁሩን ለቀቀች። ድምፁ ሳግ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ።

ጧ!

ኩየን ዞር አለች። የአያቷ አውራ ጣት ሶንግ ላንጓ ላይ ነው። ዓይናቸው ተገልጧል።

«የት አገኘሻት?»

«እንጃ አባባ። ነጩ ላይ ስትሆን ታንስብኛለች። ጥቁሩ ላይ ደግሞ በጣም በዛች። መሐል ላይ ናት መሰለኝ፤ መሐሉ ላይ ግን ቁልፍ የለም።»

አያቷ እስኪያስላቸው ሳቁ። «የለም! ስድሳ ዓመት በጣቴ ክር ስጎትት የኖርኩት ለእሷ ነው እኮ!»

«ሁለት ቁልፍ ባንዴ መጫን ስሕተት ነው፤» አለች ኩየን ከግድግዳው ሥር። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ቀጠነ። «መምህርታችን እጃችንን ትመታናለች።»

«እሷ ዘንድ ስሕተት ይሁን፤» አሉ አያቷ። አሁንም የሚያዩት ዳኦን ነው።

ማታ ሳህን ሲያጥቡ ኩየን «ልብስ እንደምታጥቢ ነው የምትጫወቺው፣ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

ዳኦ አልከፋትም፤ እንዲያውም ሳቀች። «እናቴ ደግሞ ልብስ ሳጥብ ‹ምነው ከበሮ ትመቻለሽ?› ነው የምትለኝ። እትዬ፣ ያቺን ፈጣኗን፣ የውድድሩን አጫውቺልኝ በናትሽ። ጣትሽ ሲሮጥ ደስ ይለኛል።»

«ደክሞኛል፤» አለች ኩየን። እትዬ መባል ያስደስታት ነበር። ዛሬ ግን ዳኦ የሰጠቻትን ሁሉ መልሳ መወርወር አማራት።

ረቡዕ አያቷ ኩየንን አበባ አስይዘው እማማ ሳው ዘንድ ላኳት። አሮጊቷ ድልድዩ ሥር የሩዝ መረቅ ይሸጣሉ። ቁርስ አልቆ ጎድጓዳ ሳህን ያለቀልቁ ነበር።

«ነይ የኔ ቆንጆ፣ ተቀመጪ። ቆይ፣ መረቅ ልስጥሽ።»

«በልቻለሁ እማማ።»

«ውሸትሽን ነው፤ ብዪ።» ሰጧት። ከዚያ ዙሪያቸውን አይተው ጠጋ አሉ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ለአያትሽ ግን እንዳይደርስ። ጉንፋኑ ከያዘኝ ወዲህ ድምፄ ወርዷል። ከላይ ስሄድ ይሰነጠቃል። እሱ ይሄን ከሰማ ‹ሳው አረጀች› እያለ እስከ ሞቴ ይፎግረኛል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ምን ችግር አለው? ሆ ቤት የላትም። የዘፋኙ ጉሮሮ ካለበት ነው የምታድረው። ከተለመደው ቦታ ሁለት ነጭ ቁልፍ ወደ ግራ አውርዷት፤ ሌሎቹ አራቱ ተከትለዋት ይወርዳሉ። ለአንቺም ለዚያችም ልጅ ነው የምለው። ንገሪያታ፣ እሺ?»

«እሺ እማማ።»

እሺ ስትል እውነቷን ነበር። ብስክሌቷን እየነዳች ስትመለስም ልትነግራት ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ከውስጥ ያቺ የምትንቀጠቀጥ ሳንግ ተሰማቻት። ቀጥላ ጧ! አለች ሶንግ ላንግ፤ የአያቷም ሳቅ ተከተለ። ኩየን ብስክሌቷን እንደያዘች ውጭ ቆመች። ምሳ ላይ አልነገረቻትም። ከምሳ በኋላም አልነገረቻትም።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ የጆሮ ማዳመጫዋን ፒያኖው ላይ ሰካች። እንዲህ ሲሆን ከእሷ በቀር የሚሰማ የለም። «ሆ»ን ሁለት ቁልፍ ወደ ግራ አወረደቻት። ኮንግ ጥቁር ቁልፍ ላይ ወደቀች፤ ጣቷ እስኪለምዳት ደጋገመቻት። ቀይ ነጥቦቹ በነበሩበት ቀሩ።

ሶኬቱን የያዘችው ዳኦ ናት። አገጯን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ የኩየንን እጅ ታያለች።

«እትዬ!»

ኩየን ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ ገፋ አደረገችው። «አቤት?»

«እጅሽ ዛሬ ሰፈር ቀየረ እኮ። ነጥቦቹ ላይ አይደለሽም።»

የኩየን ጆሮ ጋለ። «እ... ለጨዋታ ነው። የትምህርት ቤት ሌላ ዘፈን ነው።»

«እሺ፤» አለች ዳኦ። እጇ ስለደከመ ሶኬቱን ወደ ሌላኛው አዛወረችው።

ዓርብ እማማ ሳው አንገታቸው ላይ ስካርፍ ጠምጥመው መጡ። አያቷ ፒያኖውን ከላይ እስከ ታች አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለእሑዱ ሙት ዓመት እግሩ ይፈታ። ሽማግሌ መሬት ተቀምጦ ልጅ ወንበር ላይ አይንጠለጠልም።» የኩየን እናት ከወጥ ቤት «ብሎኑ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?» አለች።

መጀመሪያ ዳኦ ተቀመጠች። ልማዱ እንደሚያዘው ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ለብቻዋ ቀስ እያለች ቅኝቱን ፈለገች። የፈለገችው ቀይ ነጥቦቹ ላይ ነበር። እማማ ሳው ቀና አሉ። ፊታቸው ትንሽ ተለወጠ፤ ነገር ግን ተጫዋች ከጀመረ አያስቆሙትም። ትንፋሽ ስበው ገቡ።

መጀመሪያው ስንኝ እንደምንም አለፈ። ሁለተኛው ወደ ላይ ሲወጣ ድምፃቸው እንደ ደረቅ ሸንበቆ ተሰነጠቀ። ሳሉ። ስካርፋቸውን ይዘው እንደገና ሞከሩ፤ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳሉ።

ዳኦ እጇን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበች። «ምን አደረግኩ? እማማ፣ ምን አደረግኩ?»

«ምንም፤ ምንም አላደረግሽም።» አሮጊቷ ሻይ ተጎነጩ። «የኔ ጉሮሮ ነው። ኩየን ትሞክር እስኪ።»

ኩየን ተቀመጠች። «ሆ»ን ነካቻት፤ ከነጥቡ ሁለት ቁልፍ ወደ ግራ። የእማማ ሳው ድምፅ ተከትሏት ገባ፤ ጉድጓዱን እንዳገኘ ውኃ ረጋ አለ። ሳንግ ላይ ስትደርስ ኩየን እንደ ዳኦ ነጩንና ጥቁሩን አንድ ላይ ተጫነች። በጣም ቀሽም ነበር፤ ልክ ስሕተት ይመስላል። ከዚያ በኋላ አልደገመችውም። ንጹሕ ድምፅ ብቻ እያወጣች እስከ መጨረሻው ደረሰች።

አያቷ ብድግ አሉ። «‹ሆ›ን ዝቅ አደረግሽላት! ጉሮሮዋ እንደታመመ ሰምተሽ ዝቅ አደረግሽላት! ይኼ ከየት መጣ? ይኼ እኮ በወረቀት የሚገኝ አይደለም።» የቆሰለ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። «ጆሮ አለሽ ለካ፣ የኔ ልጅ። እሑድ አንቺ ነሽ።»

ስድስት ዓመት የጠበቀችው ይኼንን ነው። ኩየን ቀና ብላ እማማ ሳውን አየቻቸው። አሮጊቷ ፈገግ አላሉም፤ አልተቆጡምም። ሻያቸው ውስጥ ይመለከታሉ።

ግድግዳው ሥር ዳኦ ሶኬቱን እንደያዘች ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ለሴት አያታቸው መሠዊያ አበባ እንዲቆርጡ ሁለቱ ተላኩ። አበባው ከውኃው በላይ በእንጨት ቆጥ ላይ ነው የሚበቅለው፤ በመሐሉ በታንኳ ይገባል። ዳኦ ቆማ በዘንግ ትገፋለች። ኩየን ቢጫ አበባ እየቆረጠች ታንኳው ውስጥ ታጋድማለች። ዳኦ ከትናንት ጀምሮ አላፏጨችም። ምሳ ላይ ሩዟን ለዳክዬዎቹ ስትሰጥ ኩየን አይታታለች።

«ሆ የወረደችው በጆሮዬ አይደለም፤» አለች ኩየን፣ አበባውን እያየች።

«ምን አልሽ?»

«እማማ ሳው ረቡዕ ነግረውኝ ነበር። ‹ድምፄ ወርዷል፣ ሁለት ቁልፍ ወደ ግራ አውርዱልኝ› አሉኝ። ለሁለታችንም ነው የነገሩን። ለአንቺ አልነገርኩሽም።»

ዘንጉ ቆመ። ታንኳው በራሱ ጊዜ ትንሽ ተንሳፈፈና ከቆጡ እግር ጋር ተጋጭቶ ቀረ።

«እኔ አየሁ እኮ፤» አለች ዳኦ ቀስ ብላ። «እጅሽን አየሁት። ጠየቅኩሽ።»

«አዎ።»

«‹ለጨዋታ ነው› አልሽኝ። አመንኩሽ።» ዳኦ እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች፤ እጇ ዘንጉን አልለቀቀም። «እማማ ሳውን ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ ብዬ... እህል አልወርድ ብሎኝ... አንቺ ደግሞ ራስሽ ላይ እጅ ሲጫን ዝም ብለሽ ትሰሚያለሽ! ምን አጠፋሁሽ? ዳክዬዬ ጫማሽ ላይ ኩሱን ስለጣለ ነው?»

«አይደለም።» ኩየን በዚህ መሐል ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ጠፋ። «ለአንቺ ሶንግ ላንግ ስለመቱልሽ ነው።»

«ለዚች?» ዳኦ አፈጠጠች። «ለዚች እንጨት?»

«ለኔ መትተውልኝ አያውቁም።»

አንድ የተቆረጠ አበባ ከታንኳው ወድቆ በአጠገባቸው ተንሳፈፈ።

«አሁን ምን ላድርግ?» አለች ኩየን።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» ዳኦ ዘንጉን ጭቃው ውስጥ ተክላ ገፋች። «እትዬዋ አንቺ ነሽ።»

እሑድ ቤቱ በሰው ሞላ። በኮኮናት ውኃ የበሰለው ሥጋ፣ የተጠቀለለው ሩዝና ፍራፍሬው መጀመሪያ ለሟቿ ቀረበ። ፎቶዋ ከቢጫው አበባ መሐል ታየ። እጣኑ ነድዶ ሲያልቅ ሰው በላ። ኩየን ማለዳ ተነሥታ የፒያኖውን እግር ፈትታ ነበር፤ ብሎኖቹን እናቷ በጡት መያዣዋ ውስጥ ሸሽጋቸዋለች። ፒያኖው አሁን እንደ ረጅም ገበታ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል። ቀይ ነጥቦቹ የሉም። ኩየን በጥፍሯ ልጣቸው፣ ሙጫውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋዋለች።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እማማ ሳው ስካርፋቸውን አስተካከሉ። አያቷ ሶንግ ላንጓን እግራቸው ሥር አድርገው «ኩየን! ነይ እንጂ፣ ምን ያስጠብቅሻል?» አሉ።

ኩየን ሄዳ አጠገባቸው ተንበረከከች። ቤቱ ሁሉ የሚያያት መሰላት። ጆሯቸው ጋ ጠጋ አለች።

«አባባ፣ ሆ መውረዷን በጆሮዬ አልሰማሁም። እማማ ሳው ቀድመው ነግረውኝ ነው። ለዳኦም እንድነግራት አዝዘውኝ ነበር። ደበቅኳት።»

የአያቷ የቆሰለችው ጣት ጉልበታቸው ላይ አንዴ ተንቀሳቀሰች። እማማ ሳውን አዩ፤ አሮጊቷ ትከሻቸውን ሰበቁ። ኩየን ቁጣ ጠበቀች። ቁጣ ይሻል ነበር።

«ማን ይጫወት ታዲያ?» አሉ በመጨረሻ።

«ዳኦ።»

«ሶኬቱስ?»

«እኔ እይዘዋለሁ።»

ዳኦ እጇን በሱሪዋ ጠርጋ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ባዶ የሆኑትን ቁልፎች አይታ ወደ ግድግዳው ዞረች። ኩየን ዓይኗን አልሰበረችም። ዳኦ ወደ እማማ ሳው ተመለሰች። «እማማ፣ እስኪ ትንሽ አንጐራጉሩልኝ።» አሮጊቷ አፋቸውን ሳይከፍቱ አንጐራጐሩ። የዳኦ ጣት አንዱን ቁልፍ ነካ፤ ተወው። ወደ ግራ ሄዶ ሌላውን ነካ፤ ተወው። ሦስተኛው ላይ አረፈ።

ግድግዳው ሥር ሶኬቱ በኩየን መዳፍ ውስጥ ሞቀ። እንደ ልማዱ ይላወሳል። ጣቷን ትንሽ ብታላላው ይበቃል፤ ፒያኖው ድርግም ይላል፤ ሁሉም «ይኼ የተረገመ ሶኬት!» ይላል፤ ማንም አይጠረጥርም። ሐሳቡ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። አላባረረችውም፤ እሱንም ታውቀዋለች።

የእማማ ሳው ድምፅ ከታች ተነሥቶ ወጣ። ዳኦ ትንፋሻቸውን ጠበቀች። ሳንግ መጣች፤ ቁልፍ የሌላት፣ በነጩና በጥቁሩ መሐል የምትኖረው።

ጧ! አለች ሶንግ ላንግ።

ኩየን ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ እግሯን አመቻችታ፣ በሁለት እጇ ሶኬቱን አጥብቃ ያዘች።